ሠላሳ ስምንተኛዋ ኒኬል

ኅዳር 8 ቀን 1978፣ እሑድ

ይህን ደብተር ለሥራ ቦታዬ ነበር ያስቀመጥኩት። ምደባዬ መጥቶ የማስተምርበት አገር ስደርስ የመጀመሪያውን ገጽ እዚያ እጽፋለሁ ብዬ። ሐምሌ ላይ በሒሳብ ተመረቅሁ። ይኸው ኅዳር ገባ፤ በየሳምንቱ የትምህርት ሚኒስቴሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ ስሜን እፈልጋለሁ። የሚስኪ ስም ወጥቶ ጎሬ ሄዳለች። አራት ዓመት አንድ ክፍል አብረን አድረን እስካሁን አንድ መስመር አልጻፈችልኝም። ፖስታው ይሆናል።

ስለዚህ እዚሁ ኮልፌ፣ በአባዬ ጋራዥ ጀመርኩት።

እማዬና አባዬ ዐርብ ሄዱ። አባዬ የዛሬ ሁለት ሳምንት ለቀለም የመጣች የማርቸዲስ መኪና ኮፋኖ በብርጭቆ ወረቀት ሲያሽ በቀኝ ጎኑ ወደቀ። እጁና ምላሱ ታሰሩ። ሐኪሙ “ግፊት ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል” አለ። እማዬ ጊዜ ያለው ጠበሉ ዘንድ ነው ብላ ወደ ትውልድ አገሩ ጎጃም ይዛው ሄደች። እኔ ቤቱን እንድጠብቅ ቀረሁ።

አውቶብሱ ሲነሣ አባዬ በመስኮቱ በግራ እጁ ምልክት ሰጠኝ። ጣቶቹን በአየር ላይ ያዞራል፣ ይጎትታል፣ እንደገና ያዞራል። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። “እሺ አባዬ!” አልኩት። አይደለም በሚል አንገቱን ነቀነቀ። እንደገና አዞረ። አውቶብሱ ሄደ።

ግቢው ውስጥ አሁን እኔና ማርቸዲሷ ብቻ ነን።


ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

አቶ ገመቹ ከአስኮ መጡ። የማርቸዲሷ ባለቤት ናቸው። መኪናዋ ዱሮ የትልቅ ሰው ነበረች፤ ከኋላዋ ክንፍ ያላት፣ ጥቁር። አሁን ጥቁሩ ተፍቆ ግራጫ ሆናለች፤ ጎኗና መስኮቶቿ ላይ የነበረው የሚያብለጨልጭ የኒኬል ጌጥ ሁሉ ወልቋል። ላባዋን የተነጨች ዶሮ ትመስላለች።

“ልጄን ጫልቱን ጥር አሥራ ስምንት እድራለሁ” አሉኝ። “ሙሽራ በጥቁር መኪና አትወጣም። ነጭ አድርግልኝ ብዬ ከአባትሽ ጋር ተማምነን ነበር። አሁን ማን ይጨርሳታል?”

“እኔ።”

ከት ብለው ሳቁ። “አንቺ ባለ ዲግሪ አይደለሽም እንዴ?”

“ቀለሙን ጎረቤታችን ጋሽ በዛብህ ይረጩታል። ኒኬሉን እኔ እገጥማለሁ። አባዬ ሲሠራ እያየሁ ነው ያደግሁት።”

“ማየትማ እኔም ሐኪም አይቻለሁ” አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ። “ለገና እመጣለሁ። ነጭ ሆና ካላገኘኋት ጎትቼ ሌላ ጋራዥ እወስዳታለሁ። እንዳትቀየሚኝ፤ የልጅ ነገር ነው።”

አልቀየምም። ግን መኪናዋ ከወጣች ግቢው ባዶ ይሆናል። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ጌታቸው ባለፈው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ “ሥራ የሌለበት ጋራዥ ለብረታ ብረት ማኅበሩ ይሰጣል፤ መመሪያ ነው” ብሏል። አባዬ ድኖ ሲመለስ የት ሊቆም ነው? ሃያ ስድስት ዓመት የቆመው እዚህ ነው።

መኪናዋ መድረስ አለባት። በቃ።


ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። ከአጠና ተራ እስከ ሳንሱሲ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ያቃጥላል፤ ሰማዩ ጠፍቷል። እኔም ለአንድ ጊዜ ደህና ሥራ ሠራሁ!

የጋራዡን መደርደሪያ አጸዳሁ። ኒኬሎቹ ሁሉ እዚያ ነበሩ፤ ሠላሳ ስምንት። አባዬ እያንዳንዷን በቡትቶ ጠቅልሎ፣ በሲባጎ አስሮ እንደ አራስ ልጅ አስተኝቷቸዋል። አስተሳሰሩ ደግሞ! አንዷን ጥቅል ሰባት ቦታ ቋጥሯታል። ቋጠሮውን መፍታት አቅቶኝ በመቀስ ቆረጥኩት። የእማዬን አሮጌ ነጠላ ቁራጭ፣ የማዳበሪያ ጆንያ፣ ሲባጎውን፣ ሁሉንም ሰብስቤ ደጅ ካለው እሳት ጨመርኩ። ኒኬሎቹን በሳሙና አጠብኳቸው፤ ከረጅሟ ወደ አጭሯ ደረደርኳቸው፤ ከ1 እስከ 38 ቁጥር ጽፌ ለጠፍኩባቸው።

አባዬ ይህን ሥርዓት ቢያይ! አንድ ጊዜ “ቁጥር ልጻፍልህ?” ስለው “ወረቀት ቤንዚን ይበላዋል” ብሎኝ ነበር። መጽሐፍ እያነበብኩ ስለነበር ሌላ ያለውን አልሰማሁም።


ኅዳር 15፣ እሑድ

ጋሽ በዛብህ ከጎናችን ያለው የባትላሜራ ሱቅ ባለቤት ናቸው። የተጋጨ ላሜራ ቀጥቅጠው ያቀናሉ። ከአባዬ ጋር ሲሰዳደቡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገቡና መደርደሪያው ፊት ቆሙ።

“ጨርቁስ?”

“የቱ ጨርቅ?”

“አባትሽ ሀብቴ የጠቀለለበት።”

“አይጥ ቆራርጦት...” አልኩ። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም።

“አይጥ መቀስ ከየት አገኘ?” አንዱን የሲባጎ ቁራጭ ከመሬት አንሥተው አሳዩኝ። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጡም።

“ስሚ፣ አንቺ ሒሳብ። የቀኙን ጎን በእናትሽ ነጠላ ነው የሚጠቀልለው። የግራውን በጆንያ። ከፊት የመጀመሪያዋ አንድ ቋጠሮ፣ ቀጥላ ያለችው ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። መብራት ቢጠፋ እንኳ በእጁ ዳስሶ የትኛዋ የት እንደምትገባ ያውቃል። ሌላ መዝገብ የለውም።”

“አቃጠልኩት፣ ጋሼ። ኅዳር ሚካኤል ነበር።”

“ቁጥር ጽፈሽባቸዋል እኮ።”

“በርዝመት ነው።”

“በርዝመት” አሉ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። “እንደ ሰልፈኛ።”

ማታ የአውቶብሱ መስኮት ትዝ አለኝ። የግራ እጁ ጣቶች። ያዞራል፣ ይጎትታል፣ ያዞራል።

“እሺ አባዬ” ነው ያልኩት።


ኅዳር 16

ምንም አልሠራሁም።


ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ከጎጃም ደብዳቤ መጣ፤ የአውቶብሱ ሹፌር ነገሬ ነው ያመጣልኝ። የጻፈው ዲያቆን ነው፤ እማዬ እንደዚህ አትናገርም። “እኛ በአምላክ ቸርነት በጣም ደህና ነን፤ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር። አባትሽም ጠበሉን በሚገባ እየተጠመቀ ይገኛል።” እየተጠመቀ ይገኛል። ተናገረ ወይ? እጁን አነሣ ወይ? የለበትም። ግን “በሚገባ” ይላል።

መልስ ጻፍኩ። “ሥራው በጥሩ ሁኔታ እየሄደ ነው፤ የአባዬ ዕቃ ሁሉ እንዳስቀመጠው ነው” አልኩ።

እንዳስቀመጠው ነው! እጄን ይቁረጠው።


ኅዳር 22፣ እሑድ

ተገኘ! መፍትሔ አለው!

ኒኬሎቹ በላሜራው ላይ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው የሚያዙት። አባዬ ከቀለም በፊት የሚለቀለቀው ስቱኮ እንዳይደፍናቸው በየቀዳዳው የክብሪት እንጨት ሰክቷል። ዛሬ ጠዋት ፀሐይ በአግድም ስትወድቅ የእንጨቶቹ ጥላ በመኪናዋ ጎን ተሰለፈ፤ እንደ ጥርስ። በእያንዳንዷ ኒኬል ጀርባ ደግሞ ማያዣዎች አሉ። በማያዣዎቹ መካከል ያለው ርቀትና በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት እኩል መሆን አለበት። አራተኛ ክፍል ልጅ የሚሠራው ነገር ነው!

የእማዬን የስፌት ሜትር ይዤ ስለካ ዋልኩ። ሰንጠረዥ ሠራሁ።


ኅዳር 27፣ ዐርብ

ሰንጠረዡ ለሃያ አራቱ ሠራ። የቀሩት አሥራ አራቱ ሰባት ጥንዶች ናቸው፤ የቀኝና የግራ ማያዣቸው እኩል ርቀት አለው። ልዩነቱ ጉብጠቱ ላይ ነው፤ ጉብጠት ደግሞ በስፌት ሜትር አይለካም።

ለጋሽ በዛብህ አሳየኋቸው። ሰንጠረዡን ወደ ላይ ወደ ታች አገላበጡት። “ቆንጆ ነው፤ ቡታንታ ይወጣዋል” አሉ። ከዚያ ዓይኔን በጨርቅ አሰሩና አንዷን ኒኬል መዳፌ ላይ አኖሩ። “አትለኪያት። ስሚያት። ወዴት ነው መሄድ የምትፈልገው?”

የትም መሄድ አልፈለገችም። ብረት ናት።

ጓድ ጌታቸው መጣ። ደብተሩን አውጥቶ “ሠራተኛ፦ የለም” ብሎ ጻፈ። “እኔ አለሁ” አልኩት። “አንቺ የመንግሥት ነሽ፤ ነገ ትመደቢያለሽ” አለ። እውነቱን ነው።


ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ዓይኔን አስሬ። ዓይኔን አስሬ። ዓይኔን አስሬ።

ሦስቱን ጥንድ ለየሁ።


ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

የመርጨት ቀን። ጋሽ በዛብህ እሑድን የመረጡት አቧራ የሚያስነሣ መኪና ስለሚቀንስ ነው። ግቢውን በውኃ አራስኩ። መስታወቶቹን በጋዜጣ ሸፈንን። “ፎቶ ያለበትን ገጽ ለይተሽ አስቀምጪ” አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ትልልቅ ሰው ፊት ላይ ቀለም ረጭቼ ማዕከላዊ መግባት አልፈልግም። የስፖርቱን ገጽ አምጪ። ኳስ ተጫዋች ቀለም ቢነካው አይቀየምም።”

ከሰዓት ላይ የጎረቤታችን የእትዬ ወለተጻድቅ ዶሮ በአጥር ዘላ ገባች። ጋሽ በዛብህ መርጫውን ይዘው ዶሮዋን ሲያባርሩ፣ እትዬ ከአጥር ማዶ፣ “ወንድም ጋሼ፣ ቀለም ቢነካት ነጭ ዶሮ ብዬ ለገና በውድ እሸጣታለሁ!” አሉ። ሆዴ እስኪቆስል ሳቅሁ። እነአባዬ ከሄዱ ወዲህ እንዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ማርቸዲሷ ነጭ ሆነች። ምንም ሳይኖርባት ነጭ። ቀለሙ እስኪጠነክር ሁለት ሳምንት መንካት ክልክል ነው፤ ቶሎ ከተነካ ኒኬሉ የተጫነበት ቦታ ቀለበት ሠርቶ ይላጣል። አባዬ ሁልጊዜ፣ “ቀለምን የሚያበላሸው ቀለም የማያውቅ ሳይሆን መጠበቅ የማያውቅ ነው” ይላል።


ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

ሹፌር ነገሬ መጣ። እኔ ዘንድ ሳይሆን ጋሽ በዛብህ ሱቅ ገባ። ሮጬ ሄድኩ።

“ደብዳቤ አለ?”

“የለም፣ እኅቴ። ዛሬ... ዛሬ የለም። ቸኩያለሁ።” አላየኝም። አውቶብሱን እንኳ ሳያጠፋው ነበር የመጣው፣ ከመንገዱ ይሰማኝ ነበር፤ ግን ሩብ ሰዓት ቆሞ ነበር።

ጋሽ በዛብህ ሱቃቸውን በቀትር ዘጉ። ራሳቸውን አሟቸዋል።


ታኅሣሥ 11

ሕብረት ሱቅ ለስኳር ተሰለፍኩ። ከኋላ ነበርኩ። ሴቶቹ ዞር ዞር አሉና ከፊት አስገቡኝ። ማንም አልተቆጣም። ወረፋ ለሰጠ ሰው የሚቆጣ የኮልፌ ሰው ዛሬ የት ሄደ? ተመራቂ ስለሆንኩ መሰለኝ።


ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

እትዬ ወለተጻድቅ ፍራሻቸውን ተሸክመው መጡ። ቤታቸው ቁንጫ ገብቶበት እስኪጠፋ እኔ ዘንድ ያድራሉ። ደስ አለኝ፤ ብቻዬን ማደሩ ከብዶኝ ነበር። ጉንፋን ይዟቸዋል፤ አፍንጫቸውን ሲጠራርጉ ይቆያሉ። “እማዬ መቼ የምትመጣ ይመስልዎታል?” ብላቸው፣ “ትመጣለች የኔ ልጅ፤ አንቺ ብቻ ብዪ” አሉኝ። የቀረበልኝ ገንፎ ለሦስት ሰው የሚበቃ ነው።

ጋሽ በዛብህ ጺማቸውን ካልተላጩ ቆዩ። “ምላጭ ጠፋ” አሉኝ። እኔ ግን ሕብረት ሱቅ ምላጭ አይቻለሁ። ገዝቼ ልወስድላቸው አሰብኩ።

አልገዛሁም።


ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

ጓድ ጌታቸው መጣ። ልቤ ደንግጦ ሰንጠረዤን፣ የተረጨችውን መኪና፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አስረዳሁት። ኮፍያውን አወለቀ። ጌታቸው ኮፍያ ሲያወልቅ አይቼ አላውቅም፤ መሐል አናቱ መላጣ ነው።

“የጋራዡ ጉዳይ ለጊዜው ይቆይ” አለ። “በርቺ፣ ጓድ ፅጌ።”

ማሸነፌ ነው። ታዲያ ምነው ደስ አላለኝም?


ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

የመጀመሪያዋ ገባች!

አባዬ በካቻቢቴ አይነካም። ከወይራ የጠረበው ሽብልቅ አለው፤ ኒኬሉን ሲያነሣም ሲያስቀምጥም በእሱ ነው። አውራ ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ ጎድጉዷል። የኔ አውራ ጣት እዚያ ውስጥ ይሰምጣል። ቀዳዳው እንዳይዝግ ግራሶ ቀባሁ፣ ማያዣውን በሳሙና አለሰለስኩ፣ ከዚያ በመዳፌ ሥር መታሁ። ጭራሽ እንቢ አለች። እንደገና። “አትምቻት፤ ደግፈሽ ግፊያት” አሉ ጋሽ በዛብህ ከበሩ ሆነው። ደገፍኩ፣ ገፋሁ። ጧ አለች።

ያን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ በግድግዳው ውስጥ ስሰማው ነው ያደግሁት። የቤት ሥራዬን እየሠራሁ፣ ጧ፣ ጧ። ዛሬ ግን በእጄ ውስጥ ሰማሁት።

“ለአባዬ የሚነግርልኝ ሰው ቢኖር” አልኩ። ጋሽ በዛብህ ወደ ሱቃቸው ተመልሰው ላሜራ መቀጥቀጥ ጀመሩ። እሑድ አይቀጠቅጡም ነበር።


ታኅሣሥ 26

አሥራ ዘጠኝ ገቡ። የቀኝ ኋላ በር ላይ ቀለም ጫርኩ፤ ጥፍር የምታህል። አለቀስኩ። ለጭረት ይህን ያህል ይለቀሳል?

እትዬ ከኔ ጋር አለቀሱ። ለጭረት!


ታኅሣሥ 29፣ ገና

አቶ ገመቹ የሙክት ወርች ይዘው መጡ። ነጭ ባትሆን ዛሬ ነበር ጎትተው የሚወስዷት። መኪናዋን ዞሩ፣ ዞሩ። ጭረቱን አዩት፤ በጣታቸው ነኩት።

“አትቸኩዪ” አሉኝ።

“ጥር አሥራ ስምንት ነው እኮ ያሉኝ?”

“ነው። ይደርሳል። አትቸኩዪ፣ ልጄ።” በር ላይ ከጋሽ በዛብህ ጋር በሹክሹክታ ሲነጋገሩ ሰማሁ። “እስክትጨርስ” አሉ አንደኛቸው። ሌላው፣ “ከዚያ በኋላ እናትየዋ...” አሉና እኔን አይተው፣ “ስጋው ሳይበላሽ ጠብሺው” አሉኝ።


ጥር 3፣ ቅዳሜ

ስሜ ወጣ። አሶሳ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሒሳብ። እስከ ጥር 30 ሪፖርት እንዳደርግ።

ከሰሌዳው ሥር ዘለልኩ። የማላውቃትን ልጅ አቀፍኩ፤ እሷም ሐረር ደርሷት አቀፈችኝ። ከዚያ በአንበሳ አውቶብስ ተሰቅዬ፣ እስከ ፌርማታችን ድረስ ለማን እንደምነግር ሳስብ መጣሁ። ደረስኩና ማርቸዲሷ ውስጥ ገብቼ ከመሪው ኋላ ተቀመጥኩ። “አሶሳ” አልኳት።

አባዬ እስከዚያ ይመጣል። መምጣት አለበት። ቁልፉን ለማን እሰጣለሁ?


ጥር 8፣ ሐሙስ

ሠላሳ ሰባት። ሠላሳ ሰባት ገቡ፤ አንዷም አላፈነገጠችም። በጎኗ ስትታይ ከፊት መብራት እስከ ክንፏ አንድ መስመር ነች፤ ሰማዩ በውስጡ ይሄዳል።

የቀረችው አንዲት ናት፤ በቀኝ ክንፍ ጫፍ የምትገባ፣ ከስንዝር የማትበልጥ። ቦታዋን አውቀዋለሁ። ሆን ብዬ ነው የተውኳት። አባዬ የመጨረሻዋን ኒኬል በርክክብ ቀን ባለቤቱ ፊት ነው የሚያስገባት። በግራ እጁ ባለቤቱን ወደ ኋላ ይገፋል፣ በቀኙ ይመታል፣ ጧ ስትል፣ “አሁን የእርስዎ ናት” ይላል። ከዚያ በፊት መኪናዋ የባለቤቷ አይደለችም፤ የሱ ናት። ይህን የሚያደርገው እሱ ብቻ ነው።

“አስገቢያት” አሉ ጋሽ በዛብህ።

“አባዬ ያስገባታል።”

“ፅጌ።”

“ቀኝ እጁ ባይነሣ እንኳ በግራው ያስገባታል። እስከ አሥራ ሰባት ይመጣሉ። እማዬ ሰርጉን ታውቃለች።”

ጋሽ በዛብህ አፋቸውን ከፈቱ። ጺማቸው አድጎ ሽማግሌ ሆነዋል፤ እንዴት አስቀያሚ ጺም ነው! ዞረው ወጡ። አጥሩ ሥር ቆመው ሲያስሉ ቆዩ። እኔ ሽብልቁን ስወለውል ቆየሁ።


ጥር 11፣ ጥምቀት

ሰፈሩ ታቦት ሊሸኝ ወጣ። እትዬ ወለተጻድቅ አልወጡም። በሕይወታቸው ጥምቀት ቀርተው አያውቁም። “ጉልበቴ” አሉ። ጉልበታቸው ትናንት አጥር ዘሏል።

አልጠየቅኋቸውም። ለምንድን ነው የማልጠይቀው?


ጥር 14፣ ረቡዕ

ደብዳቤ። በዲያቆኑ እጅ አይደለም። እማዬ በመሠረተ ትምህርት ከተማረች ወዲህ ደብዳቤ ስትጽፍ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ አንዳንዱ መስመሩን ዘሎ ወጥቷል። እርሳሱን የተጫነችበት ወረቀቱን ከኋላ አሳብጦታል፤ በጣት ይዳሰሳል።

“ለልጄ ለፅጌ። መኪናዋን ጨርሺ። የአባትሽን ስም አታስደፍሪ። በርቺ። ከእናትሽ ከተሻለች።”

ይኸው ነው። ስለ ጤናው የለበትም። ጽሕፈት ይከብዳታል፤ ያሳጠረችው ለዚያ ነው።

ሹፌር ነገሬ ሱቁ ጋ የመጣበት ረቡዕ ታኅሣሥ ዘጠኝ ነበር። ከዚያ እስከ ጥር አሥራ ስምንት ስንት ቀን እንደሆነ አልቆጥርም። በሒሳብ ተመርቄ አልቆጥርም።

ዓይኔን ጨፍኜ ደብዳቤውን ከጀርባው ዳሰስኩት።


ጥር 17፣ ቅዳሜ

አቶ ገመቹ በአራት ሰዓት መጡ። ጋሽ በዛብህ ነበሩ፣ እትዬ ነበሩ፣ ጓድ ጌታቸው እንኳ አጥሩ ጋ ነበር። መኪናዋን በሻሞ ቆዳ ወልውዬ ግቢው መሐል አቁሜያታለሁ። ሠላሳ ስምንተኛዋ ጠረጴዛው ላይ፣ በንጹሕ ነጠላ ጠቅልዬ።

እስከ አምስት ሰዓት ጠበቅሁ። የጎጃም አውቶብስ ማታ እንደሚገባ አውቃለሁ። ቢሆንም ጠበቅሁ። መንገዱን ሳይ ማንም “ምን ትጠብቂያለሽ?” አላለኝም። አራት ሰው ቆሞ አንዱም አልጠየቀም።

ያኔ ነጠላውን ፈታሁት።

ግራሶ ቀባሁ። አቶ ገመቹ ቀርበው ሊያዩ ሲሉ በግራ እጄ ደረታቸውን ገፋሁ፤ ሳላስበው ነው። ወደ ኋላ ሄዱ። ኮፍያቸውን አወለቁ። በቀኝ መዳፌ ደገፍኩ። ገፋሁ።

ጧ።

“አሁን የእርስዎ ናት” አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር።

እትዬ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። አቶ ገመቹ ግንባሬን ሳሙኝና፣ “አባትሽ ያሠለጠነሽ ነሽ” አሉ። “ነው” አልኩ። መኪናዋን አስነሥተው በዝግታ ወጡ። ግቢው ላይ አራት ጎማ የተኛበት ቦታ ቀረ፤ ሣሩ ነጭ ሆኗል።

ጋሽ በዛብህን፣ “መቼ ነው?” አልኳቸው።

“ምኑ?”

“ምንም” አልኩ። “የቀረ ቀለም ካለ መቼ ልመልስልዎት ማለቴ ነው።”


ጥር 18፣ እሑድ

ሙሽራዋ በስድስት ሰዓት አለፈች። ጥሩንባው ከአስኮ ጀምሮ ይሰማል። መንገዱ ዳር ቆምኩ። ነጭ፣ ከመብራቷ እስከ ክንፏ አንድ መስመር። ጫልቱ ከኋላ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ አጠገቧ አባቷ መሐረብ ይዘውላታል። ጭረቷን ፈለግሁ፤ አልታየችም። ሁለት ጎረምሶች ከኋላዬ፣ “ይቺ መኪና እንዴት ያለች ናት!” ሲሉ ሰማሁ። ዞሬ፣ “የሀብተሥላሴ ጋራዥ ናት” አልኳቸው።

ምሽት ላይ ምላጭ ይዤ ጋሽ በዛብህ ቤት ሄድኩ። በመጨረሻ ገዝቼላቸው ነበር። መዝጊያው ዝግ ነው፤ ውስጥ ሰዎች አሉ። አንዲት ሴት አሳለች። ያንን ሳል አውቀዋለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ከመኝታዬ ግድግዳ ማዶ ሰምቼዋለሁ።

አላንኳኳሁም። ምላጩን ኪሴ ከትቼ ተመለስኩ። የደከመ መንገደኛ ይተኛ። እኔም አንድ ሌሊት ልደር፤ እነሱም ይህችን ሌሊት ነው የተዉልኝ።


ጥር 19፣ ሰኞ፣ ንጋት

ወፍ አልተንጫጫም። እትዬ ወለተጻድቅ ፍራሻቸው ላይ የሉም። ፍራሹ ታጥፏል፤ ምንጣፉ ተጠርጓል፤ ወንበሮቹ ግድግዳ ጥግ ተሰልፈዋል። ማታ እንዲህ አልነበሩም።

ደጅ እግር አለ። ብዙ እግር። ማንም አይናገርም። አንዲት ሴት ታስላለች፣ አንድ ሰው ዝም ያሰኛታል። የግቢው በር ላይ ቆመዋል። የጋሽ በዛብህን ጥላ በበሩ ላሜራ ቀዳዳ አየዋለሁ፤ እጃቸውን አንሥተዋል፣ ግን አያንኳኩም።

ተነሥቼ ጋራዡ ሄድኩ። ከመደርደሪያው ላይ አዲስ ሲባጎ ወሰድኩ። የወይራ ሽብልቁን ከእማዬ ነጠላ አዲስ በቀደድኩት ቁራጭ ጠቀለልኩት፤ የቀኝ ነው። አሰርኩት። ሠላሳ ስምንት ቋጠሮ። እየቆጠርኩ፣ አንድም ሳልዘል።

አሁን እከፍትላቸዋለሁ። ብርድ ነው፤ እማዬ ውጭ ቆማለች።